የቤተ ሙከራው ወባና የቆላው ወባ

በ1976 እ.ኤ.አ. ዊልያም ትሬገርና ጄምስ ጄንሰን በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ፋልሲፓረም የተባለውን ገዳይ የወባ ተሕዋስ በሰው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለማቋረጥ ማራባት ቻሉ። ኦክስጅን የቀነሱበት ዘዴ ቀላል ነበር፤ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሻማ ማብራት። ዛሬ በየአገሩ ቤተ ሙከራ የሚረባው 3ዲ7 የተባለው ዝርያ የተገኘው በኔዘርላንድስ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ይኖር ከነበረ ሕመምተኛ ደም ከተወሰደው ኤንኤፍ54 ነው። በ2002 ይፋ የሆነው የፋልሲፓረም ሙሉ የዘረመል ንባብም የ3ዲ7 ነው። ይህ ለማዳ ተሕዋስ በቆላ ያለውን ዘመዱን ይወክላል? በሕዋሱ ውስጣዊ አሠራር በኩል በብዙው አዎ፤ ከሰው አካል ጋር በሚያደርገው ትግል በኩል ግን እምነት የሚጣልበት ወኪል አይደለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰው አካል ውስጥ ተሕዋሱን የተሸከመው ቀይ ሕዋስ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀ ጣፊያ አጣርቶ ያስወግደዋል። በብልቃጥ ውስጥ ጣፊያ የለም፤ መጣበቅ የተወውም እኩል ይኖራል። ትንኝም የለችም። ወደ ትንኝ የሚሻገሩት ወንዴና ሴቴ ሕዋሳት ደግሞ በደም ውስጥ ስለማይባዙ፣ እነሱን ማበጀት ያቆመው ተሕዋስ ሌላውን በቁጥር ይበልጣል። አንዳንድ የቤተ ሙከራ ዝርያዎች የክሮሞሶማቸውን ጫፍ ሳይቀር የጣሉት በዚህ መንገድ ነው። ዲዲ2 የሚባለው ዝርያ ኤችአርፒ2 የተሰኘው ጂን ጭራሹን የለውም።

«ታዲያ በሜዳም ጂን ይጠፋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያው ኤችአርፒ2 የጎደላቸው ተሕዋስያን በፔሩ፣ በኤርትራ፣ በ2021 በወጣ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች ተገኝተዋል። ጉድለቱ አንድ ቢሆንም የሚበዛበት ምክንያት ይለያያል። በብልቃጥ ውስጥ ጂኑን የሚፈልገው የለም፤ በሜዳ ግን ፈጣን የወባ መመርመሪያው የሚፈልገው ጂኑ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ስለሆነ፣ የሌለው ተሕዋስ «ነጻ» ተብሎ ከመድኃኒት ያመልጣል። ይህን ጥቅም ምርመራና ሕክምና በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ ማየት አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቤተ ሙከራው ስለ ሜዳው ያስተምራል የሚለው፣ ይከብዳል። አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት የመቋቋም ምልክት የሆነው የኬልች13 ጂን ለውጥ የታወቀው ከታንዛኒያ የመጣን ዝርያ ለአምስት ዓመት በቤተ ሙከራ ከመድኃኒቱ ጋር በማፋለም ነው። ውለታው አይካድም። ሆኖም ክብደቱን ያረጋገጡት የካምቦዲያ ሕሙማን ናቸው። የወባ ክትባትም እንዲሁ ነው፤ በ3ዲ7 ቅደም ተከተል የተሠራው አርቲኤስ፣ኤስ ከ5 እስከ 17 ወር ባሉ ሕፃናት፣ በአንድ ዓመት ክትትል፣ ከክትባቱ ጋር በሚመሳሰል ተሕዋስ ላይ 50.3 በመቶ፣ በማይመሳሰለው ላይ 33.4 በመቶ ብቻ ውጤት አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ከፋልሲፓረም ጎን ለጎን ብዙ ሰው የሚያሳምመው ቫይቫክስ ደግሞ እንደ 3ዲ7 ያለማቋረጥ የሚረባ የቤተ ሙከራ ዝርያ እስካሁን የለውም፤ የደም ደረጃውን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በዋናነት የሚሠሩት ከሕሙማን በሚቀዳ ትኩስ ደም ነው።