የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በደሴና በኮምቦልቻ አጥቢያዎች ከሚኖሩ ምእመናን መካከል በነርስነት፣ በአዋላጅነት፣ በጤና መኮንንነትና በአካባቢ ጤና ሙያ የተሰማሩ ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህም ውስጥ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስበው ወደ ንስሐ አባታቸው ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤ ለምክር የሚመጡ ይኖራሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራ ተማሪ መጠይቅ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር፣ ምእመናን የሚነግሩት ነገር ለምን እንደሚውል ካህናትን ይጠይቃሉ። ለሁለቱም በቂ ምላሽ ለመስጠት የትምህርቱን ምንነት መረዳት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ሐኪም በፊቱ የተቀመጠውን አንድ ሕመምተኛ ይመረምራል። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን መንደሩን ወይም ከተማውን በሙሉ እንደ አንድ አካል ይመለከታል። ማን ታመመ? የት? መቼ? ሌሎቹስ ስለምን ሳይታመሙ ቀሩ? እያለ ይመረምራል። ስለዚህ ይህን ዲግሪ ያገኘ ነርስ ሐኪም ሆኖ አይመለስም፤ የሚመለሰው በሽታው ከመነሣቱ በፊት መንሥኤውን የመፈለግ ችሎታ ይዞ ነው።

የትምህርቱ መሠረት በአግባቡ መቁጠር ነው። ለምሳሌ ያህል ከሁለት መንደሮች እያንዳንዳቸው 20 የተቅማጥ ሕሙማን ወደ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ሲታይ ችግሩ እኩል ይመስላል። ነገር ግን በአንደኛው መንደር 500፣ በሌላው 4,000 ሰዎች የሚኖሩ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ከ1,000 ሰው 40፣ በሁለተኛው ግን ከ1,000 ሰው 5 ብቻ ታመዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው መንደር ጉዳት ስምንት እጥፍ ነው፤ ውኃው ሊመረመር የሚገባውም በቅድሚያ በዚያ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ የሚባሉት የትምህርት ዓይነቶች ይህን መሰሉን ስሌት በጥልቀት ያስተምራሉ። ከእነርሱም ጋር ሥነ ምግብ፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ የአካባቢ ጤና እንዲሁም የጤና አገልግሎት አስተዳደር ይሰጣሉ።

በሀገራችን ከየት ተነሣ?

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት የተወለደው ከመከራ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ሐኪም ወደማይደርስባቸው አውራጃዎች ላከ። የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ወሎ በድርቅና በረኃብ በምትፈተንበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ዛሬ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ማስተማር የጀመረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴው ግቢ ይህንኑ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ የአካባቢው ተማሪ ከቤተሰቡ ሳይርቅ መማር ይችላል።

በደጃችን ያሉ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ቢሆኑም የጤና ችግራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግድም በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት። ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ወባን መጠንቀቅ ያለባት የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ብዙ ወጣት ሠራተኞችን ስቧል። በከተማዋ የሚያልፉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ቦርከና ይገባሉ። በዚያ ውኃ የሚያጠጣው ገበሬና ከብቱ ምን ያህል ይጎዱ ይሆን? ከእርሻ ቤቱ ወጥታ በኪራይ ቤት ተጨናንቃ የምትኖረው የፋብሪካ ሠራተኛስ?

ከዚህም ሌላ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጎርፈውን ምእመን እናስታውስ። ያ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ አምባ ላይ ሲሰበሰብ የመጠጥ ውኃና የመጸዳጃ ጉዳይ ራሱን የቻለ የኅብረተሰብ ጤና ጥያቄ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ መዘረፋቸውና መጎዳታቸው ይታወሳል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ የትኛውን አገልግሎት አስቀድሞ ማቆም እንደሚገባ የሚወስን ሰው፣ በግምት ሳይሆን በመረጃ መመራት ይኖርበታል።

ቄሱና የውኃው ጉድጓድ

የካህናት ዕውቀት ለዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በተባለ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም በሽታው የመጣው ከሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ ነው ብሎ ስለ ተከራከረ፣ የፓምፑ እጀታ እንዲነሣ ተደረገ። በአጥቢያው ያገለግል የነበረው ወጣቱ ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ግን ይህን አላመነም። ሐኪሙ መሳሳቱን ለማሳየት ብሎ የሚያውቃቸውን ቤተሰቦች ደጋግሞ እየጎበኘ ማን ከየት እንደ ጠጣ ጠየቀ። ያገኘው ምላሽ ግን የሐኪሙን ሐሳብ የሚያጸና ሆነ። ከዚያም አልፎ ወረርሽኙ ከመስፋፋቱ አስቀድማ የታመመች ሕፃን እንደ ነበረችና የሽንት ጨርቋ የታጠበበት ውኃ በጉድጓዱ አጠገብ ወዳለ የፍሳሽ ጉድጓድ እንደ ተደፋ ያወቀው እርሱ ነው። ሐኪሙ ካርታውን ሠራ፤ ቄሱ ቤተሰቡን ያውቅ ነበር። እውነቱ የተገለጠው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በእኛም ዘንድ የካህን ቃል ያለው ኃይል የታየበት ጊዜ አለ። ሕሙማን በጠበል ሲጠመቁ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል።

ለተማሪው የሚሰጥ ምክር

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ለክፍል ትምህርት፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ለመመረቂያ ጥናት ይውላል። አመልካቹ በጤና መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው፣ ሀገር አቀፉንም የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሊያልፍ ይገባዋል። ከማመልከቱ በፊት ወጪውን መሥሪያ ቤቱ ይሸፍንለት እንደሆነ፣ ከምረቃ በኋላ የአገልግሎት ግዴታ እንዳለበትና ሥራውን ሳይለቅ መማር መቻሉን አጣርቶ ይወቅ።

ከሁሉ በላይ ግን "ምን ልታጠና አስበሃል?" ብለን እንጠይቀው። ዲግሪው ለደመወዝ ዕድገት ብቻ ከሆነ ጥናቱ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። በአጥቢያው ያየውን ችግር ይዞ የገባ ተማሪ ግን መልሱን ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከሰበካ ጉባኤ የሚጠበቅ

አንደኛ፣ አጥኚ ሲመጣ የዩኒቨርሲቲውን የድጋፍ ደብዳቤና የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ ማየት። ሁለቱም ከተሟሉ ዓላማውን ለምእመናን ማስረዳት፤ ተሳትፎው በፈቃድ መሆኑንና ማንም ያለ ጥፋት እንቢ ማለት እንደሚችል መንገር።

ሁለተኛ፣ ምስጢርን መጠበቅ። ካህኑ ሰዎችን ከአጥኚው ጋር ሊያገናኝ ይችላል፤ በንስሐ የሰማውን ግን ለጥናት ተብሎም አሳልፎ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን መጠየቅ። አጥኚው ከመጀመሩ በፊት፣ ጥናቱ ሲጠናቀቅ ተመልሶ በሰበካ ጉባኤው ፊት ባልተወሳሰበ አማርኛ ያገኘውን እንዲያስረዳ ቃል ይግባ። ጊዜዋን ሠውታ ስለ ልጆቿ ሕመም የተናገረች እናት፣ ከቃሏ የተገኘውን ትምህርት ለመስማት መብት አላት። የውኃው ጉድጓድ መጽዳት ያለበት ከሆነ መጀመሪያ ማወቅ የሚገባት ከዚያ የምትቀዳው እርሷ ናት።