የባሕር ዛፍ ልጅነት

የነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝና ያደገው ዛፍ ጎን ለጎን ቢታዩ፣ ዛፉን የማያውቅ ሰው አንድ ዘር ናቸው ብሎ አያስብም። የችግኙ ቅጠል ሰፊ፣ ክብ ቢጤ፣ ወደ አመድማ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ አንገት ሳይኖረው ሁለት ሁለት እየሆነ አራት ማዕዘኑን ቀንበጥ ያቅፋል። ያደገው ዛፍ ቅጠል ግን ረጅምና ማጭድ መሰል፣ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ሆኖ በቀጭን አንገቱ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ አዲሱ ቀንበጥ የሚጀምረው እንደገና በክቡ ቅጠል ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከባሕር ዛፍ ጋር ለኖረ የእንጦጦ ሰው ይህ ወሬ አይደለም።

ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ላቢያርዲዬር በ1792 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛፉን ታዝማኒያ ላይ አገኘው፤ ሳይንሳዊ ስሙንም በ1800 አወጣለት። በ1889 ጀርመናዊው ካርል ጎብል በዕድሜያቸው መልካቸውን እምብዛም የማይለውጡ ዕፅዋትን ፈጽሞ ከሚለዋወጡት ለየ። ይሁንና መለየት ማስረዳት አይደለም። ተክል ልጅነቱ ማብቃቱን በምን ያውቃል?

የመልሱ ጫፍ የተገኘው ባሕር ዛፍ ላይ ሳይሆን በቆሎ ላይ ነው። በ1951 አሜሪካዊው ራልፍ ሲንግልተን አንድ እንግዳ በቆሎ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። አገዳው ቀጭን፣ ቅጠሉ ጠባብ ነው፤ ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የልጅነት ቅጠሉንም እያደገ እንኳ አይተውም። ሣር ስለሚመስል «የበቆሎ ሣር» አሉት። ሲንግልተን ይህ የበቆሎ ጥንታዊ መልክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ግምቱ አልሠራም፤ የበቆሎ አባት ቲዎሲንቴ የተባለው የሜክሲኮ ሣር ነው። ቢሆንም ሰውየው የሳተው ግማሹን ብቻ ይመስለኛል፤ የአንድ ዘረመል ለውጥ የአንድን ተክል ሁለመና ሊገለብጥ እንደሚችል አይቷልና።

ሁለተኛው ፍንጭ ጭራሽ ከዕፅዋት ዓለም ውጭ ነበር። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ትል አለች፤ አንድ ዘረመል ሲበላሽባት የልጅነት ደረጃዋን ትደጋግማለች፣ በቅጡ አትጎለምስም። ቪክተር አምብሮስና ባልደረቦቹ በ1993 ያንን ዘረመል ለይተው ሲያወጡ ፕሮቲን እንደማይሠራ ደረሱበት። የሚሠራው እጅግ አጭር የሆነ አር ኤን ኤ ነው፤ ሥራውም ሌሎች ዘረመሎችን መከልከል። ማይክሮ አር ኤን ኤ የምንለው የመጀመሪያው ይኸው ነው። ለዓመታት የትሏ ብቻ ጉዳይ ተደርጎ ቢታለፍም፣ በ2024 አምብሮስንና ጋሪ ራቭከንን ለኖቤል ሽልማት አብቅቷል።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ስኮት ፖቲግ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልጅነታቸው የተራዘመ በቆሎዎችን ሲመረምር ነበር። በ2006 እርሱና ጋንግ ዉ አራቢዶፕሲስ በተባለችው የላቦራቶሪ ተክል ላይ ቁልፉን አገኙት፤ 20 ፊደል ብቻ ያለው ማይክሮ አር ኤን ኤ 156። ተክሉ ለጋ ሳለ በብዛት ይገኛል፣ ዕድሜው ሲገፋ ይመናመናል። ጉልምስናን የሚያመጡትን ዘረመሎች የያዘ ልጓም እርሱ ነው፤ ሲላላ ቅጠሉ ይለወጣል። በዓመቱ ጆርጅ ቸክና ሳራ ሄክ የሲንግልተንን የበቆሎ ሣር መረመሩ። ያ በቆሎ ይኼንኑ ሞለኪውል ከልክ በላይ የሚያመርት ሆኖ ተገኘ። በ2011 ደግሞ የፖቲግ ቡድን ነጭ ባሕር ዛፍን ጨምሮ በተለያዩ ዛፎች ላይ ያንኑ አየ፤ ቅጠሉ ሲለወጥ ሞለኪውሉ ይቀንሳል።

እስከዚህ ያለው የአንድ ተክል የዕድሜ ታሪክ ነው። ዝግመተ ለውጥ ለመባል ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፍ አለበት። ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ውስጥ ነፋስ በሚመታቸው የባሕር ጠረፎች ላይ የሚበቅሉ ድንክ ነጭ ባሕር ዛፎች አሉ። እነዚህ ገና በለጋነታቸው የአዋቂ ቅጠል ያወጣሉ፤ የሌላ አካባቢ ዘመዶቻቸው ግን ለዚህ በርካታ ዓመታት ይቆያሉ። ልዩነቱ የነፋሱ ጫና ብቻ አይደለም፤ በዘር ይወረሳል። እነ ግሬግ ጆርዳን በ1999 ይህን ሲያረጋግጡ፣ በእኔ ዓይን ከሁሉም የሚበልጥ ነገር ጨመሩ። ዛፉ ቅጠሉን የሚለውጥበት ጊዜና የመጀመሪያ አበባውን የሚያወጣበት ጊዜ ሁለቱም በዘር የተወሰኑ ናቸው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይጎትትም። ስለዚህ ተፈጥሮ የአበባውን ቀጠሮ ሳትነካ የቅጠሉን ብቻ ልታስቀድም ወይም ልታዘገይ ትችላለች።

በ2014 ኮሪ ሃድሰንና ባልደረቦቹ፣ ፖቲግም አብሯቸው ሆኖ፣ ቶሎ የሚጎለምሱትን የጠረፍ ዛፎች ከሚዘገዩት ጋር አዳቀሉ። የልጅ ልጆቹን ዘረመል ሲፈትሹ ዱካው ወደ ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 ዘረመሎች ወደ አንዱ መራቸው። ሞለኪውሉ በሁለቱ ዓይነት ዛፎች የሚመረትበት መጠንም ተለያየ። ይህ ጠንካራ ጥርጣሬ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ እነርሱም የጻፉት በዚሁ ጥንቃቄ ነው። በባሕር ዛፍ ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነትም ከዚሁ ሊመነጭ እንደሚችል ግን ጠቁመዋል።

ለዚህ የሚጠቀስ ዝርያ ሩቅ አይደለም። ታዝማኒያ ውስጥ በሆባርት ከተማ አካባቢ ሪስዶኒ የሚባል ባሕር ዛፍ ይበቅላል። የቅርብ ዘመዱ ቴንዊራሚስ በዕድሜው ወደ አዋቂ ቅጠል ይሸጋገራል፤ ሪስዶኒ ግን አብዛኛውን ጊዜ በችግኝነት ቅጠሉ እንዳለ አብቦ ዘር ይሰጣል።