የአየሩን ክብደት ያልቀነሰ ውኃውን አልመዘነም

በነቀምት ገበያ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ከነቡናው ሚዛን ላይ ካወጣ በኋላ የጆንያውን ክብደት ሳይቀንስ ሒሳብ አይዘጋም። ይኸን ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያስፈልግም። ነገር ግን ጆንያው በየሰዓቱ ክብደቱን የሚለዋውጥ ቢሆን ነጋዴው ምን ያደርግ ነበር? የመሬትን ስበት ከሰማይ ላይ የሚለኩ ሊቃውንት የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው።

መጋቢት 8 ቀን 1994 ዓ.ም. አሜሪካና ጀርመን «ግሬስ» የተባሉትን ሁለት ሳተላይቶች ወደ ሰማይ ላኩ። እነዚህ መንትዮች 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው፥ በመካከላቸው 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው፥ አንዱ ሌላውን እየተከተለ መሬትን ይዞሩ ነበር። ከሥራቸው ከባድ ነገር ሲኖር የፊተኛው አስቀድሞ ይሳባል፤ ርቀቱም ይሰፋል፤ የኋለኛው ሲደርስ ደግሞ ይጠባል። ይህም ለውጥ ከጠጕር ውፍረት እጅግ ባነሰ ልክ ይለካ ነበር። መንትዮቹ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራቸውን ሲፈጽሙ፥ በዚያው ዓመት ግንቦት 14 ቀን ተተኪዎቻቸው ተልከዋል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በክረምት የወለጋ ምድር ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ በበጋ አንገር ወደ ዴዴሳ፥ ዴዴሳም ወደ ዓባይ እያፈሰሰው ይቀልላል። ይህ የክብደት ለውጥ በስበቱ ላይ ይነበባል፤ ይኸውም ጕድጓድ ሳይቈፈር የከርሰ ምድሩ ውኃ ጭምር ይቈጠራል ማለት ነው። እርግጥ ሳተላይቶቹ የሚያዩት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ምድር ባንድነት ነው እንጂ ነቀምትን ብቻዋን ለይተው አይደለም።

ታዲያ ስበት ክብደትን እንጂ የክብደቱን ባለቤት አይለይም። ነቀምት ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ሳለች እንኳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 8 ቶን ያህል አየር ተጭኖባታል። የአየሩ ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲጨምር፥ በምድሩ ሁሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውኃ እንደ ተኛበት ያህል ይቈጠራል። ወርዱና ቁመቱ 300 ኪሎ ሜትር በሆነ ምድር ላይ ይህ 900 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል፤ ያልዘነበ ዝናብ፥ ያልሞላ ወንዝ!

«አየሩ በወር ውስጥ ወጥቶ ወርዶ ይካካሳል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይካካስም። ሳተላይቶቹ የመሬትን ሙሉ ሥዕል ለመሥራት አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉትም አልፎ አልፎ ነው። አየሩ ግን አይጠብቃቸውም። እንደ እኛ ባለ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግፊቱ ከጠዋቱና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፥ ከቀኑና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በፖትስዳም ከተማ ያለው የጀርመን የምድር ጥናት ተቋም፥ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማእከል ከሚያወጣው ሒሳብ ተነሥቶ፥ የአየሩንና አየሩ የሚያነቃንቀውን የውቅያኖስ ክብደት በየ3 ሰዓቱ ያሰላል፤ ይኸም ከልኬቱ ላይ ይቀነሳል። ቀድሞ ስሌቱ በየ6 ሰዓቱ ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጣና የሚወርድን ነገር በቀን አራት ስሌት ብቻ በትክክል መያዝ ግን አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ የአውሮፓው ሒሳብ ከባዶ አይነሣም። ከሳተላይቶች ወሬ ሌላ በየአገሩ ጣቢያ የሚነበበው ባሮሜትር ይመግበዋል፤ ጣቢያ በሣሣበት አገር ግምት ይበዛል። አባ ፒየር ጉዋን የመሠረቱት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሰዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. የስበት መለኪያ ይዘው በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ሲለኩ፥ ሥራው በራስ እጅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ በአንድ የወረዳ ጣቢያ ተመድቦ ሰዓቱን ጠብቆ ግፊትን የሚመዘግብ ወጣትም ሥራውን ከጽሕፈት ቤት ልማድ ሊቈጥረው አይገባም።

ስለ ዓባይ ውኃ በተነሣ ቍጥር አኃዝ ይጠቀሳል። አኃዙን ላመጣልን ሰው የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አየሩን በምን ቀነሱት?» የሚል ይሁን።