የስልካችን ማሻሻያ በማን ደጅ ይቆማል?

እንደሚታወቀው ኔትዎርክ ሲጠፋም፣ ካርድ ቶሎ ሲያልቅም፣ ስልክ ሲንቀራፈፍም በመካከላችን ወቀሳው የሚያርፈው በቴሌ ላይ ነው። በሁለቱ ፊተኞች አንከራከርም። የስልኩ ሶፍትዌር ሳይታደስ የመቅረቱ ነገር ግን ሌላ መንገድ ያለው ስለ ሆነ፣ መንገዱን ከምንጩ ጀምሮ መከተል ይጠቅማል ብለን አስበናል።

አንድሮይድን የሚያዘጋጀው ጉግል ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ እትም በቀጥታ ወደ ኪሳችን አይገባም። በመጀመሪያ ቺፑን የሠራው ኩባንያ፣ ለምሳሌ ሚዲያቴክ ወይም ኳልኮም፣ ከቺፑ ጋር ያስማማዋል፤ ቀጥሎ ቀፎ ሠሪው፣ ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ፣ የራሱን መልክ ይጨምርበታል። በአሜሪካን አገር ደግሞ ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ ደጅ አለ፤ ይኸውም የስልክ አገልግሎት ኩባንያው ነው። እነ ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ ቀፎውን ራሳቸው በየወሩ ክፍያ ስለሚሸጡ፣ ለሸጡት ቀፎ የመጣውን ማሻሻያ በመረባቸው ላይ ሳይፈትኑ አያሳልፉም። አፕል ግን የአይፎንን ማሻሻያ ለባለቤቱ የሚልከው ራሱ ነው።

ይህ የመጨረሻው ደጅ በአገራችን ከሞላ ጎደል የለም። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን በነበረበት ዘመንም ሆነ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አብዛኛው ሰው ቀፎውን ከሱቅ፣ ሲሙን ከቴሌ ነው የሚገዛው። እንግዲህ ተጠያቂው ቀፎ ሠሪው ነው። እርሱ ደግሞ ገንዘቡን የሚያገኘው አንድ ጊዜ፣ ሲሸጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚልከው ማሻሻያ ሁሉ ወጪ ነው። ሳምሰንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ላወጣው ውድ ስልክ፣ ለጋላክሲ ኤስ 24፣ የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ እኛ የምንገዛው ርካሽ ቀፎ ግን ሁለት ዓመት ከታደሰ ዕድለኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሻሻያው ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት እንዲዘልቅ በሕግ ያስገደደው አለምክንያት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ስልክ ነው። ሲበራ የአንድ የአሜሪካን ኩባንያ ምልክት ያሳያል። የእኛን ሲም አልቀበልም ካለ፣ ከልደታ በተግባረ እድ ወደ ሜክሲኮ ሲኬድ ካሉት ጠጋኞች አንዱ «ሎክ ነው» ይልና በገንዘብ ያስከፍተዋል። የተከፈተው ግን የሲሙ በር ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ አሁንም የዚያ ኩባንያ ነው። በተለይም አንዳንዱ ማሻሻያ የሚወርደው የኩባንያው ሲም ሲገባበት ነው፤ ልደታ የተቀመጠ ስልክ የባሕር ማዶ ፈቃድ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው! በዚህ ጊዜ ጠጋኙ «ፍላሽ እናድርገው» ይላል። ይኸውም የሌላ አገር እትም መጫን ነው። አንዳንዴ በደንብ ይሠራል፤ ነገር ግን በስልኩ የነበረው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ይጠፋል፤ የተጫነው ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ የባንክ ፕሮግራምም የተነካካ ሶፍትዌር ሲያይ አልሠራም ሊል ይችላል።

ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ቀለም አናባክንበትም ነበር። ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስልክ ቦርሳ ሆኗል። በ2015 እ.ኤ.አ. ስቴጅፍራይት የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ በመልእክት በተላከ ቪዲዮ ብቻ ሌላ ሰው አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ታወቀ፤ ጉግልና ሳምሰንግ በየወሩ የደኅንነት ማሻሻያ ለመላክ የወሰኑት ከዚህ በኋላ ነው። የቀረ ማሻሻያ ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ገብተን የካሜራውን ብዛት ከመቁጠራችን በፊት፣ በሴቲንግ ውስጥ የደኅንነት ማሻሻያው የተጻፈበትን ቀን እንመልከት። ቀኑ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ሻጩ «አዲስ ነው» ቢልም ዋጋው እንደ አሮጌ ይቆጠር። ማሻሻያው የመጣለት ደግሞ ከ1 ጊጋ ባይት በላይ ሊሆን ስለሚችል በጥቅል አያውርደው፤ ዋይፋይ ባለበት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተወው።