ጠላት በሌላ መንገድ የገባበት ምሽግ

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1897፣ ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ ሄይቲያዊ ወደ አገራችን መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር ተገናኝቶ ነበር። የሲልቫን አገር ስለ ሠራችው አንድ ታላቅ ምሽግ ዛሬ ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲታዴል ላፌሪዬር ይባላል። በሂስፓኒዮላ ደሴት፣ በሰሜን ሄይቲ፣ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተራራ አናት ላይ ይገኛል።

በባርነት የኖሩ ሰዎች የናፖሊዮንን ጦር ድል ነስተው በ1804 ነፃነታቸውን አወጁ። ፈረንሳይ ተመልሳ ትመጣለች የሚለው ስጋት ግን አልለቀቃቸውም። መሪያቸው ደሳሊን በየተራራው ምሽግ እንዲሠራ አዘዘ። ይሄኛውን ያሠራው ጄኔራሉ፣ ኋላም ንጉሥ የሆነው አንሪ ክሪስቶፍ ነው፤ ሥራው ከ1805 እስከ 1820 ፈጅቷል።

ከባሕሩ ያራቁት በምክንያት ነው። ጠላት ሲመጣ የወደብ ከተሞችን አቃጥለው፣ የመርከብ መድፍ ወደማይደርስበት ተራራ ሊያፈገፍጉ አስበው ነበር። ግንቡ እስከ 40 ሜትር ይቆማል። የጣሪያው ዝናብ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያ ይወርዳል፤ ጎተራው ለረጅም ከበባ የታሰበ ነው። ዛሬም በየደርቡ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የስፔን መድፎች ተደርድረዋል።

ያን ሁሉ ድንጋይና ብረት ተራራ ላይ ያወጣው የሰው ጉልበት ነው። ትናንት ከባርነት የወጡ ሺዎች በግዳጅ ሠርተዋል፤ ብዙዎቹም እዚያው ሞተዋል። የክሪስቶፍን ብርታት ሳደንቅ ይህን መዝለል አልችልም። በ1820 ሕዝቡና ወታደሩ ሲያምፁበት ራሱን አጠፋ፤ አስከሬኑም ምሽጉ ውስጥ ተቀበረ።

ከተራራው ግርጌ የነበረው ቤተ መንግሥቱ ሳን ሱሲ በ1842 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሷል። ምሽጉና ቤተ መንግሥቱ ከ1982 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ፈረንሳይ ምሽጉን አልገጠመችም። በ1825 ግን የጦር መርከቦቿን ወደብ ላይ አሰልፋ፣ ለቀድሞ ባለ ርስቶችና ባሪያ አሳዳሪዎች ካሳ የሚሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀች። ገንዘቡ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ ሄይቲ እሱን ለመክፈል ከፈረንሳይ ባንኮች እየተበደረች ለብዙ ትውልድ በዕዳ ተያዘች።

ሄይቲ ለምን ደኸየች ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታሪኩን ከዚያ የዕዳ ወረቀት ይጀምር።