የዱላው ሂሳብ ማን ላይ ይጻፋል?

ባሏ ክንዷን የሰበራት ሴት ሆስፒታል ስትሄድ የካርዱ፣ የራጁ፣ የመድኃኒቱና የኮንትራት ታክሲው ክፍያ ሁሉ በጂዲፒ (በጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት) ስሌት ውስጥ በመደመር ምልክት ይገባል። ሥራ ያልገባችባቸው ቀናት ግን የሚጻፉበት መዝገብ የለም። ጉሊት የምትቸረችር ከሆነች ተበላሽቶ የተጣለውን ቲማቲሟን የሚቆጥርላት የለም። ይህ የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ጥፋት አይደለም፤ ስሌቱ የተበጀው የተመረተውንና የተሸጠውን ለመቁጠር ነው። ችግሩ ያልተቆጠረ ኪሳራ በበጀት ሰሞን ተሟጋች ማጣቱ ነው።

ለመቁጠር የሞከሩ አሉ። በቬትናም የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት ባስጠናው ጥናት፣ የትዳር ውስጥ ጥቃት ያስከተለው ወጪና ያሳጣው ገቢ ከአገሪቱ ጂዲፒ 1.4 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ዘንድ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ትዳር ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። የቬትናምን መቶኛ ወስዶ በእኛ ጂዲፒ ማባዛት ቀላል ነው፤ ለጋዜጣ ርዕስም ያምራል። እኔ ግን አላምነውም። አብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት የምትሠራው በእርሻ፣ በጓዳና በጉሊት ስለሆነ የጠፋባት ቀን በደመወዝ አይተመንም።

ይልቅ ትኩረት የሚሻው በፍርሃት ምክንያት ያልተሠራው ሥራ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ አብዛኞቹም ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሰርቪስ ከዋናው መንገድ ላይ ያወረዳት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እስከተከራየችው ክፍል ድረስ በጨለማ ትሄዳለች፣ ወይም ለባጃጅ ትከፍላለች። የባጃጁ ሂሳብ የደህንነት ቀረጥ ነው፤ ወንድ የሥራ ባልደረባዋ አይከፍለውም። ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ ይለቁ የነበረው በደመወዙ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ፍርሃትም ነበረበት። አሠሪው ደግሞ አንዷን አሠልጥኖ ሳይጨርስ ሌላ ይቀጥራል፤ ወጪው «የሥልጠና» ተብሎ ይመዘገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ለሚደርስ ጥቃት ዋጋ ቆርጧል። በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። በሐዋሳው መነሻ ደመወዝ ሲሰላ 78 ዶላር ገደማ ይሆናል። ድንጋጌው መኖሩ ትልቅ እርምጃ ነው። በዚህ ዋጋ ግን ፋብሪካው ሱፐርቫይዘሩን ከማባረር ካሳውን ቢከፍል ይረክስለታል።

«ሴት ገቢ ካገኘች ዱላው ይቀራል» የሚል ተስፋ በየመድረኩ ይሰማል። በኢትዮጵያ ከ27 ኩባንያዎች ጋር የተሠራ የመስክ ሙከራ ይህን ፈትኗል፤ ብቁ ከሆኑ አመልካቾች መካከል ተቀጣሪዎቹ በዕጣ ተለዩ። ሥራ ያገኙት ገቢያቸው ጨመረ፤ ከባሎቻቸው የሚደርስባቸው ጥቃት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አልከፋምም፣ እሱም አንድ ነገር ነው።

የሕግ ለውጥ ግን ሥራ ላይ አሻራ ትቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ሚስቱን ከቤት ውጭ እንዳትሠራ መከልከል ይችል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያንን ሥልጣን ሽሮ የጋብቻ ዕድሜን ወደ 18 ከፍ ሲያደርግና የጋራ ንብረትን ሁለቱም እንዲያስተዳድሩ ሲደነግግ፣ ሕጉ ቀድሞ በተተገበረባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ድርሻ ከሌላው ይበልጥ እንዳደገ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ፋብሪካ ሳይተከል፣ ብድር ሳይለቀቅ የተገኘ ለውጥ ነው።

የቀረው ክፍተት የቤት ሠራተኞች ላይ ነው። አዋጅ 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ አውጥቶ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። ስለዚህ በአሠሪዋ ቤት የተደፈረች ሞግዚት የ90 ቀኑ ካሳ እንኳ አይመለከታትም፤ ያላት መንገድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ወደዚያ ባመራችበት ቀን ማደሪያዋንም፣ ቀለቧንም፣ ያልተከፈላትን የወር ደመወዝም አብራ ልታጣ ትችላለች።