ያልተሸጠ ሸክላ ዋጋው አይቀመስም

እ.ኤ.አ. በ1966 ሚሺጋን ውስጥ ከሜክሲኮ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች «ናይንቲ ሲክስ ቲርስ» የሚል ዘፈን ቀረጹ። ባንዱ «ጥያቄ ምልክትና ሚስቴሪያንስ» ይባላል፤ ዘፋኙም ራሱን የሚጠራው በጥያቄ ምልክት ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣው ፓ-ጎ-ጎ በምትባል ሚጢጢዬ አሳታሚ ነበር። ከዚያ የፊላደልፊያው ካሜዮ ወስዶ አባዛውና ጥቅምት ላይ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የካሜዮው ሸክላ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። ሰብሳቢው እንቅልፍ የሚያጣው ለፓ-ጎ-ጎው ነው። ቅጂው ያው ነው፤ የሚለየው መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

የጋራዥ ባንድ ሸክላ ገበያ እንዲህ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተሳካለት ይረክሳል፣ የከሸፈው ይወደዳል።

የጋራዥ ባንዶችን ነገር ያቀጣጠሉት ቢትልሶች ናቸው። የካቲት 1964 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጫወቱ 73 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ ተመለከታቸው። ጊታር ያልተመኘ ጎረምሳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆቹ በወላጆቻቸው መኪና ማቆሚያ (ጋራዥ) እየተለማመዱ በትምህርት ቤት ጭፈራ ላይ ይጫወቱ ጀመር። ትንሽ ብር ሲያጠራቅሙ ደግሞ ሰፈራቸው ካለው ስቱዲዮ ገብተው ሁለት ዘፈን ይቀርጻሉ። ሲንሲናቲ ያለውን ራይትን የመሰለ የሸክላ ማተሚያ ቤት ለከፈለው ሁሉ ያትም ነበር፤ የዘፈኑን ጥራት የሚጠይቅ የለም። የሚታተመውም ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ነው። ለክፍል ጓደኛ ይሸጣል፣ ለአካባቢው ሬዲዮ ይሰጣል፣ የተረፈው ካርቶን ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አንዱ ኮሌጅ ይገባል፣ ሌላው ለቬትናም ጦርነት ይመለመላል፤ ባንዱም ይፈርሳል።

ሸክላው ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስፋቱ 7 ኢንች፣ ዙሩ በደቂቃ 45፤ የአገራችንን አሳታሚ የአምሃ ሪከርድስን ነጠላ ሸክላዎች የያዘ ሰው መጠኑን ያውቀዋል። ሰብሳቢው ግን ወደ መብራት አዘንብሎ ጭረቱን ይመረምራል። ወረቀቱ ላይ አንዲት ተማሪ ስሟን በእስክሪብቶ ጽፋ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል (እንደኔ እንደኔ መጨመር ነበረበት)። ቀጥሎ ዘፈኑ አልቆ ወረቀቱ እስኪጀምር ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ያነባል። በራይት ሸክላ ላይ ይህ ቁጥር የታተመበትን ጊዜ ለመገመት ይረዳል፤ አስመስለው የታተሙትን ለመለየትም የመጀመሪያው መመልከቻ እሱ ነው።

እነዚህን ዘፈኖች ከተረሱበት ያወጣው የሙዚቃ ጸሐፊው ሌኒ ኬይ ነው። በ1972 ኤሌክትራ በተባለው አሳታሚ በኩል 27 ዘፈን መርጦ «ነጌትስ» የተባለውን ባለሁለት ሸክላ ስብስብ አሳተመ። ምርጫው በመጠኑም ቢሆን የታወቁትን ያካተተ ነበር። ከ1983 ጀምሮ ክሪፕት የተባለው አሳታሚ ባለቤት ቲም ዋረን «ባክ ፍሮም ዘ ግሬቭ» በሚለው ተከታታይ ሥራው ማንም ወዳልሰማቸው፣ ይበልጥ ወደ ሻካራዎቹ ወረደ። ስብስቡ በርካሽ ሲገኝ ኦሪጅናሉ የሚረክስ ይመስላል፤ ግን ፈላጊውን ያበዛዋል።

ለመጀመር የሚያስብ አንባቢ «ነጌትስ»ን ያዳምጥ። ሸክላ በእጁ መያዝ ካማረው የካሜዮውን «ናይንቲ ሲክስ ቲርስ» ይግዛ። ብርቅ ነው የተባለ ሸክላ ሲቀርብለት ደግሞ ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያይ ኪሱን አይዳብስ።